«እሱ» የሚላት

አባቴ ከኮትካ ነው፣ የመርከብ ሞተር ጠጋኝ፤
እናቴ ከቺታጎንግ፣ የሌሊት ነርስ፤
አንትወርፕ ወደብ ላይ ብረት ክንዱን ቀዶት
እሷ ዘንድ አመጡት፤ ቁስሉ እስኪሰፋ ድረስ
የሚሉት አጥተው ተያዩ።
የእሱን ፊንላንድኛ እሷ አታውቅም፤
የእሷን ቤንጋሊኛ እሱ ሰምቶ አያውቅም፤
እንግሊዝኛ ግን ነበረ፣ መሀላቸው ወድቆ፣
ባቡር ጣቢያ እንደ ተረሳ ጃንጥላ።
አንስተው ዘረጉት። ሁለት ሽቦው ተሰብሯል።
ወንድሜ ታኔሊና እኔ
ያደግነው በእሱ ጥላ።

መንገዱ ሆላንድኛ ነው፤ ዳቦ ሻጩ፣ ትራሙ፣ የክፍሉ ጫጫታ።
ደፉ ላይ ስንደርስ ከጫማችን ጋር
ሆላንድኛችንን አውልቀን እንገባለን።
እናቴ «መብራቱን ዝጉት» ትላለች፣ «መብራቱን ክፈቱት»፤
አባቴ ቃል ሲጠፋው ኪሱን ይዳብሳል፣
የወደቀ ብሎን ይመስል።
ቅዳሜ ስልክ ይደወላል፣ አንዴ ከበረዶው ወዲያ፣ አንዴ ከዝናቡ፤
የምናውቃትን አንዲት ሰላምታ ሰጥተን
ቀፎውን እንደሚፋጅ ድስት እናቀባብላለን፤
አያቶቻችን በትንፋሻችን ይጠግባሉ።
ሲቆጥሩ ብቻ ወላጆቼ ወደየአገራቸው ይሄዳሉ፤
እሱ ብሎን፣ እሷ የልብ ምት፤
ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ እኛ ደጅ እንቀራለን።

ከሁሉ ግን ይቺ፦
በአባቴ አገር አፍ «እሱ»ና «እሷ» አንድ ቃል ናቸው፤
በእናቴም አገር እንዲያው ሆኖ ተገኘ፤
በረዶና ጭቃ ሳይመካከሩ
እዚህ ላይ ተስማምተው ኖሩ።
እንግዲህ እኛ ቤት ወንድና ሴት እንደ አመጣጡ ነው።
አባቴ ስለ እናቴ፦ «እሱ ዛሬ ተረኛ ነው፤ እራት አስቀምጡለት»፤
እናቴ ስለ አባቴ፦ «እሷ ወገቧን አሟታል፤ አትረብሿት፣ ትተኛ»።
«እሷ ጢሟን ተላጨች» ሲባል እንኳ
የሚገርመው አልነበረም ከእኛ።

በአሥራ አንድ ዓመቴ «እናቴ» የሚል ድርሰት ታዘዝን።
እንግሊዝኛማ የቤቴ ነው ብዬ፣ ደረቴን ነፍቼ፣
«እናቴ ነርስ ነው፤ እጁ ለስላሳ ነው» አልኩ፣ ሁለት ገጽ ሞልቼ።
ወይዘሮ ቨርሜይለን አሥራ ሰባት ቦታ ቀይ አከበበችበት፤
ጮክ ብላም አነበበችው፤ ክፍሉ ሳቀበት።
ያን ማታ እራት ላይ ወላጆቼን አረምኩ።
እናቴ እንደ ሐኪም ትእዛዝ በወረቀት ጻፈችው፤
የአባቴ ጆሮ ቀላ።
ሳምንቱን ሙሉ የሚሰማው ማንኪያ ብቻ ሆነ።
አባቴ «እሷ» ሊል ሲል ቆም ይላል፣
ሲብስበትም በስሟ ይጠራታል፣
«ኒሉፋር»፣ እንደ ጎረቤት፣ እንደ ባዳ።
እሁድ ምሳ ላይ ታኔሊ፣ የሰባት ዓመቱ፣ ሾርባውን ቀመሰና
«እሱ ጨው አበዛ» አለ፣ እናቴን እያየ።
መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው።
እናቴ ማለቴ ነው።

ዛሬ መተዳደሪያዬ የሰው እንግሊዝኛ ማረም ነው፤
ቀይ እስክሪብቶ ከቦርሳዬ አይለይም።
ባለፈው ኅዳር፣ ሆስፒታል፣ አራተኛ ፎቅ፣
አባቴ ወጣቱን ሐኪም «እሱ ብርድ አይወድም» አለው፤
«መስኮቱን ዝጋለት»።
ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፣ አልጋውን አየ፣
«ማነው እሱ?» አለኝ በሆላንድኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
«እሱ እናቴ ነው» አልኩት።
«መስኮቱን ዝጋለት»።

ዘጋው።
አባቴ ሁለት ጣቱን አንጓዋ ላይ አሳረፈ፣
እሷ የሰውን ሁሉ እንደምትይዝ።
ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ጠጋ ብዬ ሰማሁ፤
የእሱ ቁጥር አልነበረም። ኤክ፣ ዱይ፣ ቲን፣ ቻር፣
አርባ ዓመት ከደጅ ሆኖ የሰማውን።
ስድስት ላይ ተሳሳተ።
እንደ ገና ከኤክ ጀመረ።